ለስም ማደሻ የተያዘ በጀት

ሦስት ሺህ ስምንት መቶ፣ ከነሳንቲሙ፣
ይኸው ነው በጀቱ
ለሆስፒታላችን፣ ለጎደፈው ስሙ።
አቶ ደምለው ጠርተው፣ ወንበር ሳይሰጡኝ፣
«ካርድ ክፍል ነህ፣ ሰው ያውቅሃል፤ ይህን ስም እጠብ» ብለው ላኩኝ።
ስም በምን ይታጠባል?
ለአንሶላው ሳሙና እንኳ
በዚህ ወር፣ በልመና ይገኛል።

ያለነው ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ ነው፣ ከቦርከና ማዶ፤
አልጋችን ሃያ ስምንት፣
ከዚያ ውስጥ ዘጠኙ ዓመቱን በሙሉ ባዶ።
ሕዝቡ ያልፈናል።
ምጥ የያዛትን ጭኖ፣ የሐረጎን ጉም ሰንጥቆ፣
ደሴ እስኪገባ ድረስ
ትንፋሹን እንደ ብድር ገንዘብ በጉያው ደብቆ።
ገበያ ላይ መጠሪያችን «መግቢያ» ነው።
«መውጫውስ?» ብለህ ብትጠይቅ፣
ሽንኩርት ሻጯ አገጯን
ወደ መቃብሩ ነው የምትቀስረው።

ተማከርን፣ እንደ ወጉ።
ፋርማሲስቱ፦ «ባነር ይሰቀል፣ ከመናኸሪያው በር»፤
ሒሳብ ሹሟ፦ «ቲክቶክ ነው ዘንድሮ፣ ዶክተሩ ይጨፍር»።
ጥበቃው ጋሽ አራጌ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ መቃኑን ተደግፎ፣
«ወሬን በወሬ ማጥፋት፣ እሳትን በገለባ» አለና
ወጣ፣ አየሩን በዱላው ገርፎ።

ማተሚያ ቤት ሄድኩ። ልጁ «ምን ልጻፍ?» አለኝ።
«ሃያ አራት ሰዓት፣ በፍጹም ትጋት…» ብዬ
ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ ቆመ፤
ከደረት ኪሴ ውስጥ፣ ጠዋት ከመደርደሪያ ያወረድኩት ካርድ
ልክ እንደ ጥርስ ታመመ።

ሐዋ ይማም። ሃያ ሦስት ዓመት። ሁለተኛ እርግዝና።
የገባችበት ሰዓት፣ ሌሊት፣ ዘጠኝ ተኩል።
አዋላጇ በመጨረሻው መስመር
«መብራት ጠፋ» ትላለች።
ጄኔሬተሩ ነበረ፤ ናፍጣው አልነበረም።
ይህን ግን ካርዱ አይልም።
እኛም በማግስቱ «ከአቅም በላይ» ብለን ወረቀት ለጠፍን፤
የጠፋው መብራት ሰው አፍ ላይ በራ፣
ከአፍ ወደ አፍ ሲቀጣጠል
ጨለማው ውስጥ እኛው ብቻ ቀረን።

ባነሩን ተውኩት።
«በጀሪካን ክልክል ነው፣ ደብዳቤ አምጣ» አለኝ የማደያው ቀጂ፣ ፊቱን አዙሮ።
ደብዳቤ የለኝም፤
ካርዱን አወጣሁት፣ ከላቤ ጋር አብሮ።
ስሟን አነበበ። ቃል ሳይወጣው ቧንቧውን አነሣ፤
አንዱ ጀሪካን ሞላ፣ ብሩ አለቀና
ሁለተኛው ጎዶሎ ተነሣ።
ከዚያ ባጃጅ ጠራልኝ፣ በፉጨት፣ ከተራው መሀል መርጦ፤
የሐዋ ባል ነበር፣ እንድሪስ፣
መጣ፣ ሰልፉን አቋርጦ።

እስከ ድልድዩ ዝም።
«ምንድን ነው?»
«ናፍጣ።»
«ለምን?»
«ለመብራት።»
አቆመ። ሞተሩን ግን አላጠፋም።
«ያን ሌሊት ናፍጣ አልነበረንም» አልኩት።
«የእኛ ነው ጥፋቱ። ቀደር አይደለም።»
ከታች ቦርከና ጭቃውን ተሸክሞ ያልፋል።
«ይህን ሌላ ሰው ሰምቶታል?»
«አንተ ብቻ።»
«እንግዲያው ገና አልተናገርከውም» አለኝ፤ ነዳው።
ከበሩ ስንደርስ ሒሳቡን ተቀበለ፣
መልሴን ቆጥሮ ሰጠኝ፣ ከነሳንቲሙ።

ቅዳሜ፣ ከሽንኩርቱ ክምር አጠገብ ቆሜ፣ ጮክ ብዬ አወራሁ።
ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤
ማን እንደሰማኝ አላጣራሁ።
ሽንኩርት ሻጯ አልሳቀችም፣ አገጯን አልቀሰረችም፤
«ጨረስክ? እንግዲያው ከፀሐዬ ዞር በል» አለች።

አቶ ደምለው ደረሰኝ ጠየቁ።
«ናፍጣ» የሚለውን አይተው መነጽራቸውን አወለቁ፤
መዝገቡ ላይ ግን «ለገጽታ ግንባታ» ብለው
በገዛ እጃቸው አጸደቁ።

ዛሬም ባነር የለንም። ዘጠኙ አልጋ ባዶ ነው።
ይቅርታ፣ ስምንት ነው፤
ትናንት ማታ እንድሪስ አንዲት ነፍሰ ጡር አወረደና
ግቢውን ሳይረግጥ፣ ባጃጁን ከበር አዞረው።
ካርዷን እየጻፍኩ ነው።
ስሟን ስጠይቃት አትሰማኝም፤
ዓይኗን ከአምፖሉ ላይ አልነቀለችም።